ዓሣው ሳይሰቃይ እንዲሞት

ጥያቄ፦ ሐይቅ ላይ ቆሮሶና አምባዛ እያጠመድን እንሸጣለን። ቆሮሶው ቅርጫት ውስጥ ሲያጣጥር ይቆያል፤ አምባዛው ሆዱ እየተቀደደ እንኳ ይንቀሳቀሳል። በረዶ ውስጥ መጨመር ይሻላል? ራሱን ብንመታውስ በክት አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ዓሣ እንደ በግ የግድ መታረድ የለበትም። ራሱን መምታት፣ በትክክል ከተሠራ፣ ከሁሉም ይሻላል። በረዶ ያፈዘዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። አምባዛማ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ከውኃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል፤ በረዶውን ከሞተ በኋላ ይጠቀሙበት።

ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ አለው፣ እጅ ይወጋል። ከዓይኖቹ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አናቱ መሐል ላይ በአጭር ቆመጥ አንዴ በኃይል ይምቱ። አፍንጫው ላይ ያረፈ ምት ያቆስላል እንጂ ራሱን አያስተውም። የአምባዛ የራስ ቅል ጠፍጣፋና ጠንካራ አጥንት ስለሆነ ከበድ ያለ ቆመጥ ይያዙ። ከሳቱት ሳይዘገዩ ይድገሙ።

ራሱን መሳቱ በሁለት ነገር ይታወቃል፦ የስንጥቡ ክዳን መከፈትና መዘጋት ያቆማል፣ ገላውን ሲያዘነብሉትም ዓይኑ አይዞርም። ጅራቱ ቢንፈራገጥ አይደንግጡ። ወዲያው ስንጥቡን በሁለቱም በኩል ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ፤ ካልቆረጡት ሊነቃ ይችላል። ደሙ የወጣለት ሥጋ ደግሞ ነጭ ይሆናል፣ ቶሎም አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ደሴ ቤቴ በመስታወት ገንዳ የማሳድገው ጎልድፊሽ ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ቆሟል፤ የእንስሳት ሐኪም አይድንም ብሎኛል። መምታት አልችልም።

መልስ፦ የቅርንፉድ ዘይት ይጠቀሙ። ከራሱ ገንዳ 5 ሊትር ውኃ ባልዲ ውስጥ ቀድተው ዓሣውን ያስገቡ። 5 ጠብታ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ለብ ካለ ውኃ ጋር ወተት እስኪመስል ይበጥብጡና ቀስ ብለው ይጨምሩ። ያልተበጠበጠ ዘይት ውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ዓሣውን ያቃጥለዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጎኑ ተኝቶ ሲነካ ካልተንቀሳቀሰ 2 ሚሊ ሊትር ዘይት በዚያው መልክ በጥብጠው ይጨምሩ። ጎልድፊሽ የአየር እጥረት የሚቋቋም ዓሣ ነው፤ ስንጥቡ ከቆመም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳያወጡት ይቆይ። ቶሎ የወጣ ዓሣ ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ተመልሶ ይነቃል።

ሬሳውን ይቅበሩት፤ ለድመት አይስጡ። ውኃውንም ወንዝ ውስጥ አይድፉ። ይህ መንገድ ለሚበላ ዓሣ አይሆንም።