ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት የዳኛውን ወረቀት አንብቡ

አሜሪካ ውስጥ በባልና ሚስት ጠብ አንዴ 911 ከተደወለ ነገሩ ከሁለቱ እጅ ወጥቷል። ሚስት «ይቅር ብዬዋለሁ» ብትልም ክሱ የዐቃቤ ሕጉ ስለሆነ እሱ ካልተወው አይዘጋም። ፖሊሱን ቆሞ ለማስረዳት መሞከርም አይበጅም። ስማችሁን ተናገሩና «ያለ ጠበቃ አልናገርም» በሉ፤ አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሰጣችሁ መብት ነው።

ወገን በብዛት የሚጠመደው ግን ታስሮ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ዳኛው «አትገናኙ» የሚል ትዕዛዝ ይሰጣል። ባል እንደ ወጋችን የንስሐ አባቱንና ሁለት ሽማግሌ ይልካል። ወረቀቱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በሦስተኛ ወገንም ቢሆን» የሚል መስመር አለ፤ የኔታም ሆኑ ጋሼ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። በቫይበር «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብሎ መላክም ያው መገናኘት ነው። እሷ ራሷ ደውላ ቢያነሳ እንኳ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ትዕዛዙን የሚያነሳው ዳኛ እንጂ ሚስት አይደለችም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለውን ሰው ደግሞ ትዕዛዝ መጣሱ በራሱ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። መታረቅ የፈለገ ትዕዛዙ እንዲሻሻል በጠበቃው በኩል ያመልክት።

«ጥፋቴን አምኜ ዛሬውኑ ቤቴ ልግባ» የሚለው ችኮላም ብዙ ሰው ጎድቷል። የሆንዱራስ ተወላጁ ሆዜ ፓዲያ ቬትናም የዘመተ፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በማሪዋና ተከሶ፣ ጠበቃው «ለኢሚግሬሽኑ አታስብ» ስላለው ጥፋቱን አመነ፤ መባረር መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ስለዚህ ከማመናችሁ በፊት «ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሮቤሽን (በእስር ፈንታ በፍርድ ቤት ክትትል የሚቆዩበትን ጊዜ) ጨርሳችሁ መዝገቡ ቢሰረዝም ኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኛ ሊቆጥራችሁ ይችላል። የፍርድ ቤት አስተርጓሚም ጠይቁ፤ የአክስት ልጅ ለዚህ አይሆንም።

እህቶቼ፣ «ወረቀቴ በእሱ እጅ ነው» ብላችሁ ዱላ አትቻሉ። ባላችሁ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ያለ እሱ ፊርማ ለግሪን ካርድ በራሳችሁ እንድታመለክቱ ይፈቅዳል፤ ኢሚግሬሽንም ለእሱ አይነግረውም። የጋብቻ ወረቀቱን፣ የሐኪም ማስረጃና የጉዳቱን ፎቶ እሱ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡ።