የጓሮው ግድግዳ በየክረምቱ ለምን ይረጥባል?

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖሩ አንድ ጠያቂ፣ ከአያታቸው የወረሱት ቤት የጓሮ ግድግዳ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ እየረጠበ ቀለሙ እንደሚላጥና ነጭ ዱቄት እንደሚያወጣ፣ የጎኑ ግድግዳ ግን ወደ ፊት ለፊቱ በር በቀረበ ቁጥር እየደረቀ እንደሚሄድ ጽፈውልኛል። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። አሁንም በሲሚንቶ ላስለስነው ወይ ይላሉ።

አያስለስኑት። ግድግዳውን ባላየውም ጥርጣሬዬ በጓሮው አፈር ላይ ነው። እርጥበቱ ከሥር ብቻ ቢመጣ ኖሮ ቤቱን ዙሪያውን በተቀራራቢ ከፍታ ይይዘው ነበር፤ ከጓሮ በርትቶ ወደ ፊት የሚሳሳው ግን ጎርፍ ለዓመታት ከዳገቱ ያወረደው አፈር ግድግዳውን ተደግፎ ከውስጡ ወለል በላይ ስለሆነ ይመስለኛል። ውስጡ የሚያሳይ ጎማ ውሃ ሞልተው፣ ውሃው በሁለቱ ጫፎች እኩል ከፍታ ስለሚይዝ በእሱ የውስጡን ወለልና የውጭውን አፈር ከፍታ ያስተያዩ። በተጨማሪም ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ እርጥቡ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ጠሉ በክፍሉ በኩል ከታየ የማብሰያና የትንፋሽ እንፋሎት ነው፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ግን ውሃው ከግድግዳው ነው።

ስለ ሲሚንቶው ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ በየቤቱ የማየው ጥፋት ነውና። ጭቃና ድንጋይ ውሃ ይጠጣሉ፣ የጠጡትንም ለአየር መልሰው ይሰጣሉ። ውሃው የሚወጣው መትነን እስከሚችልበት ከፍታ ነው፤ ከታች መውጫ ካገኘ ከጉልበት በታች ይቀራል፣ ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ሲደፍኑት ግን መተንፈሻ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። ከአፈሩ ያሟሟውንም ጨው ይዞ ስለሚወጣ፣ ውሃው ሲተን ጨው ከልስኑ ጀርባ ጠጥሮ ይገፋዋል፤ ያዩት ነጭ ዱቄት ይህ ነው። ጨው የጠጣ ልስን ደግሞ በጉም ቀን ከአየር ጭምር እርጥበት ስለሚስብ፣ ምንጩ ቢደርቅም ራሱ አይደርቅም። ያ ለሳኝ ያሳመረልዎ ፊቱን ብቻ ነው፤ ከጀርባው ጭቃው ሲላላ እንጨቱ ሲበሰብስ ከርሟል።

ሥራው ከአፈሩ ይጀምራል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሳይጠና አይቆፍሩ፤ የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር በአንድ ቀን ሙሉውን አይክፈቱ፤ አንድ አንድ ሜትር እየከፈቱ ይሥሩ፣ ከመሠረቱም በታች ፈጽሞ አይውረዱ። ዳገቱ ከቁመትዎ በላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አይንኩት። አፈሩ ከውስጡ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር የሚያዘቀዝቅ ቦይ ቆፍረው በጠጠር ይሙሉት። አሸንዳውንም ይመልከቱ፤ ስስ ቆርቆሮ በሲሊኮን ብቻ ከተጋጠመ መጋጠሚያው ሲላቀቅ ጣሪያው ያጠራቀመውን ሁሉ እዚያው ጓሮ ያፈሰዋል።

ቀጥሎ ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፍተው ሲሚንቶውን ከእድፉ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በመሮ ያንሱት። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ አይጠቡት። የቋሚዎቹን እግር በካቻቢቴ ይውጉ፤ ያለ ችግር ከሰመጠ ያ እንጨት ሳይለወጥ ልስን አይገባም። ግድግዳው በጋውን ሙሉ ራቁቱን ይቆይ። በኮምቦልቻ ሙቀት ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ በደሴ ጉም ግን መታገሥ ግድ ነው፣ በልጉ ቀድሞ ከመጣም ቀጣዩን በጋ ይጠብቁ።

ለጭቃው በጭድ የቦካ ጭቃ፣ ለድንጋዩ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። ከረጢቱ ተቀዶ የከረመ ኖራ በርካሽ ቢያገኙም አይግዙ፤ አየር ስለመታው አይዝም። ቀለሙም የኖራ ቅብ ይሁን፤ የዘይቱን ለበርና ለመስኮት ያቆዩት። በቁፋሮው መሐል ዝናብ ከጣለ ደግሞ የከፈቱትን ያህል መልሰው ሞልተው ያቁሙ፤ ግድግዳው በክፍት ጉድጓድ አፋፍ ላይ አያድር።