ብርጭቆ ላይ ለምትቀርጹ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ብርጭቆ ላይ የቀረጻችሁትን የፈርዖን ዘመን ስዕል ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ የምትቀርጹትን አታነቡትም።

የጥንት ግብፆች ስዕል ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ጽሑፍም ነው። ወፏም እባቡም ፊደል ናቸው። ከቀኝም ከግራም ይጻፋል፤ ከየት እንደምትጀምሩ የሚነግራችሁ የሰዎቹና የእንስሳቱ ፊት ነው። ወደ ቀኝ ካዩ ከቀኝ ትጀምራላችሁ። ታዲያ በአንድ መስመር ላይ አንዷን ወፍ ወደ ቀኝ፣ ሌላዋን ደግሞ ለማሳመር ብላችሁ ወደ ግራ ካዞራችኋት ቃሉ ፈረሰ ማለት ነው።

እኔም በጀማሪነቴ ይህን አድርጌዋለሁ። አንድ ደንበኛ የንጉሥ ስም በሞላላው ክብ ውስጥ፣ ካርቱሽ በሚባለው ማለቴ ነው፣ የተቀረጸባቸው ስድስት የወይን ብርጭቆዎች አዘዘኝ። ቦታው እንዲሞላልኝ ሁለት ምልክቶች ገለበጥኩ። ሰውየው ለካ ያነባል። አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያቸውና ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ መለሳቸው። ያ ዝምታ እስካሁን አይለቀኝም። ብርጭቆ እንደ እርሳስ አይፋቅም።

ከጀርባ ሲታይ ጽሑፉ ይገለበጣል ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ግብፆቹ ራሳቸው በበር ግራና ቀኝ አንዱን ጽሑፍ ፊት ለፊት እያዞሩ ይቀርጹ ነበር። ሁሉም ምልክት አብሮ እስከዞረ ድረስ ይነበባል። ለዚህ ነው ይህ ጥበብ ብርጭቆ ላይ የሚያምርብኝ።

የአልማዝ ጫፍ ባላት ድሪል ስትሠሩ ውሃ አይለያት፣ ማስክም አድርጉ፤ ዱቄቱ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በሙቀት የጠነከረ ብርጭቆ አትንኩ፣ እጃችሁ ላይ ሊበታተን ይችላል።

የጥንት ቅርስ ቆፋሪው እንግሊዛዊ ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ባገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ በሎተስ አበባ ቅርጽ አልባስጥሮስ ከሚባል ድንጋይ የተፈለፈለ ዋንጫ ነበር። ከአፉ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍ ንጉሡ ፊቱን ወደ ሰሜን ነፋስ አዙሮ ተቀምጦ ሚሊዮን ዓመታት እንዲኖር ይመኝለታል። በዚያ ሙቀት የሰሜን ነፋስ ምን ያህል እንደሚናፈቅ አስቡት! እንግዲህ ከዚህች ምኞት ጀምሩ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ደጋግማችሁ ጻፏት፣ ምልክቶቹ ወዴት እንደሚያዩ ቀስት አድርጉበት፣ ከዚያ ብርጭቆውን አንሱ።