ንስሐ ከገባሁ በኋላ ለምን ተመልሼ ያው ሰው ሆንሁ?

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ በእንባ ንስሐ ገብቼ ሕይወቴን ለክርስቶስ ሰጥቻለሁ። በዚያን ሰሞን የተጣላኋቸውን ሰዎች ሁሉ እየዞርሁ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር። ዛሬ ግን በቤቴ በትንሽ በትልቁ የምቆጣ፣ የበደለኝ ሰው ስሙ ሲነሣ ፊቴ የሚለዋወጥ ሰው ነኝ። የያኔው መመለሴ እውነተኛ አልነበረም ማለት ነው? ከመጀመሪያው እንደ ገና መጀመር አለብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፉልን ነገር የያኔው መመለስዎ ሐሰት ነበር ለማለት አያበቃም። እንዲያውም ቁጣዎ ራስዎን ማስጨነቁ ኅሊናዎ እንዳልደነዘዘ ያሳያል። ችግሩ መመለስን በአንድ ቀን ተፈጽሞ እንዳለቀ ጉዳይ ማየትዎ ይመስለናል። ጌታ «መስቀሉንም ዕለት ዕለት ተሸክሞ ይከተለኝ» ሲል (ሉቃስ 9፥23) ከሰሚዎቹ መካከል ሁሉን ትተው የተከተሉት ደቀ መዛሙርትም ነበሩ።

የሐዋርያው ጴጥሮስን ሕይወት ልብ ብለው ይመልከቱ። መረቡን ትቶ ከተከተለና «አንተ ክርስቶስ ነህ» ብሎ ከመሰከረ በኋላ እንኳ ጌታ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» አለው (ሉቃስ 22፥32)፤ ገና የሚመለስበት ነገር ነበረውና። በዚያው ሌሊት አንዲት ገረድ ፈርቶ ካደ፤ መራራ ልቅሶም አለቀሰ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን መንፈስ ቅዱስን ከተቀበለ፣ ከአሕዛብ ወገን በሆነው በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስም ቤት እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያደላ በአፉ ከመሰከረ በኋላ፣ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ሲበላ ቆይቶ በኢየሩሳሌም ካለው ከያዕቆብ ዘንድ አይሁድ ሲመጡ እነርሱን ፈርቶ ከማዕዱ አፈገፈገ (ገላትያ 2፥11-14)። ያው የሰው ፍርሃት መልኩን ለውጦ ተመለሰበት። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው፤ ሆኖም አካሄዱን አረመ እንጂ «ከቶ አላመንህም ነበር» አላለውም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም በ386 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) በሚላኖ ወደ እግዚአብሔር ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ፣ ጳጳስ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ምስጋና ገና እንደሚፈትነው በግልጽ ጽፏል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግዎትም፤ የጀመሩትን ዛሬ መቀጠል ግን ያስፈልግዎታል። ማታ ከመተኛትዎ በፊት «ኃጢአተኛ ነኝ» ብለው በደፈናው ከማለፍ ይልቅ የዕለቱን አንድ ነገር በስሙ ይጥሩት፤ ለምሳሌ «ልጄ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ አመናጨቅሁት፤ ያናደደኝ ግን እርሱ ሳይሆን ከሥራ ይዤው የመጣሁት ብስጭት ነው» ብለው በእግዚአብሔር ፊት ይናገሩ። ከዚያም ልጁን ይቅርታ ይጠይቁት። ብዙ ወላጆች ይህን ማድረግ ክብራቸውን የሚቀንስ ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን በሰንበት ጉባኤ ፊት ከማልቀስ ይልቅ ከባዱና እውነተኛው ንስሐ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ዘኬዎስም የተመለሰው በቃል ብቻ ሳይሆን የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቶ ነው (ሉቃስ 19፥8)።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ንስሐ የየዕለት ነው» የሚለው ቃል ነገም ያንኑ ለማድረግ ፈቃድ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ በሌላ በኩልም ልብዎን ሲመረምሩ ውለው ሲመረምሩ ማደር አይገባዎትም፤ ይህ ሰውን ከእግዚአብሔር ምሕረት ይልቅ ራሱን እንዲያይ ያደርገዋልና። ቁጣዎ ቤተሰብዎን እስከ ማስፈራት የሚደርስ ከሆነ ብቻዎን አይታገሉ፤ ለነፍስ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

ስሙ ሲነሣ ፊትዎን ስለሚለውጠው ሰው ደግሞ፣ ጌታ ጴጥሮስን «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ይቅር እንዲል ያዘዘው (ማቴዎስ 18፥22) አንዱ በደል በልብ ውስጥ ደጋግሞ ለሚነሣበት ሰውም ይሠራል ብለን እናምናለን። ስሙን በሰሙ ቁጥር በዚያው ሰዓት፣ ለጊዜው ከልብ ባይሆንልዎትም፣ ስሙን ጠርተው በአጭሩ ይጸልዩለት።