መልስ፦ የሙርናውን መልክዓ ምድር አይቼ ስስል ቀለሜ ለምን ይደፈርስብኛል?

ቀለምህ የሚደፈርሰው ጥላ ለማምጣት ጥቁር ስለምትቀላቅልበት ነው። በአረንጓዴውም በቢጫውም ላይ ጥቁር ስትጨምር ሁሉም አንድ ዓይነት ጭቃ ይሆናል። ውድ ቀለም ገዝተህም ያልደመቀልህ ለዚህ ነው።

ሠዓሊዎቹ ካንዲንስኪና ጋብሪየሌ ሙንተር በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ደቡብ ባቫርያ ባለችው የሙርናው ከተማ ሆነው የሳሏቸውን ሥራዎች ጠጋ ብለህ እያቸው። ጥላው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው። ድፍን ሰማያዊ ተራራ፣ ከሥሩ ቢጫ ሜዳ፤ ሁለቱም የሚያበሩት ሳይነካኩ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው። ሙንተር ላይ ደግሞ ቅርጹን የሚከብበውን ጠቆር ያለ መስመር ልብ በል፤ በአካባቢው በመስታወት ጀርባ ላይ የሚሳለውን ባህላዊ ስዕል አጥብቃ ትወድ ነበር።

እንዲህ አድርግ፦

1. ጥቁሩን ከፓሌትህ (ከቀለም መቀላቀያ ሰሌዳህ) ላይ አንሳው። መጨረሻ ላይ ለመስመር ብቻ ትመልሰዋለህ።
2. ቢጫ ሜዳ ላይ ለሚያርፈው ጥላ ሐምራዊ፣ ለብርቱካናማ ጣሪያ ጥላ ሰማያዊ ተጠቀም።
3. አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብበት። በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ተው፤ ካንዲንስኪና ሙንተርም የሚስሉበት ካርቶን እዚህም እዚያም እንዲታይ ይተዉት ነበር።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ሁሉንም ቦታ አታስጩኸው። ሳስተምር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው ነው፤ ዛፉ ቀይ፣ ጣሪያው ቀይ፣ መንገዱም ቀይ ይሆንና ዓይን ማረፊያ ያጣል። ስዕሉን በስልክህ አንሳና ጥቁርና ነጭ አድርገው። ተራራው ከሰማዩ ካልተለየ ሌላ ቀለም አትፈልግ፤ ሰማዩን በነጭ አቅልለው።