የወፍጮው ማግኔት ለምን ደከመ?

አባይ ማዶ ወፍጮ ቤት ያለው አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ከእህል ጋር የሚመጣ ሚስማር የወፍጮ ድንጋዬን እየጎዳ ስላስቸገረኝ የሚያብረቀርቅ ማግኔት ገዝቼ እህል መግቢያው ላይ አስበየድኩት። ስገዛው ከብረት ላይ አልላቀቅ ይል ነበር። ከብየዳው በኋላ ግን ሚስማር እንኳ አይዝም። ጫፉም ተሸርፏል። አታለውኝ ይሆን?»

ወንድም ዓለም፣ ሻጩ አላታለለህም። ማግኔትህን የገደለው ብየዳው ነው።

የሚያብረቀርቀው ኒዮዲሚየም ይባላል። በፈረንጆቹ 1984 የተዋወቀ ነው፤ እስከ ዛሬ በጉልበት የሚስተካከለው የለም። ሙቀት ግን አይችልም። ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ ቢቀዘቅዝም ያጣው አይመለስለትም። ብየዳ ደግሞ ብረት የሚያቀልጥ እሳት ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ያስበየድከው እዚያው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሆነ እባክህ አይደገም። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ብረቱን ፈትተህ ውጭ አውጥተህ አስበይድ።

የተሸረፈውንም ዛሬውኑ አንሣ። የኒዮዲሚየም ላይ ላዩ ስስ ልባጥ ነው፤ ልባጡ ሲነሣ ውስጡ ይዝጋል፣ ይፈረፈራል። በእኛ በጣና ዳር እርጥበት፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ይብሳል። ፍርፋሪው ደግሞ ሰው የሚበላው ዱቄት ውስጥ ነው የሚገባው። ሁለት የማግኔት ቁራጭ የዋጠ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ቁራጮቹ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ። ሕፃን ማግኔት መዋጡን ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

ለአንተ ሥራ የምመርጠው ፌራይትን ነው። ከስፒከር ጀርባ የምታየው ጥቁሩ ማግኔት ማለት ነው። ጉልበቱ በእኩል መጠን ካለ ኒዮዲሚየም አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ግን አይዝግም፣ ርካሽ ነው፣ እስከ 250 ዲግሪ ይችላል። ሳማሪየም ኮባልት የሚባል ሙቀት የሚችል ጉልበተኛ አለ፤ ዋጋው ግን ለወፍጮ ቤት አይሆንም። አልኒኮ የሚባለው ማግኔትም ሙቀት ይችላል፤ ሌላ ማግኔት ሲገፋው ግን ቶሎ ይደክማል።

አራት ማዕዘን ፌራይቶችን ወፈር ባለ ተራ ብረት ላይ ጎን ለጎን ደርድር። የአንዱ ሰሜን ወደ ላይ ከሆነ የሚቀጥለው ደቡቡ ይሁን። የኋላው ብረት ጉልበቱን ወደ ፊት ይገፋልሃል። ፌራይትም ሸክላ መሰል ተሰባሪ ስለሆነ ፊቱን በስስ አይዝጌ ብረት ሸፍነው። ሽፋኑን ስትገዛ ማግኔት አስጠግተህ ፈትነው፤ የማይስበውን ምረጥ። ከዚያ በቡሎን እሰረው እንጂ አታስበይድ። እህሉ በላዩ ላይ ስስ ሆኖ ይፍሰስ፤ የማግኔት ጉልበት በርቀት ቶሎ ስለሚቀንስ በወፍራም የበቆሎ ጅረት መሃል ያለፈ ሚስማር አይያዝም።

ኒዮዲሚየም ካለህ አያያዙን እወቅ። ሞተር ጥቅለላ ላይ ሳለሁ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ዞር ስል ተሳስበው ተጋጩ። አንዱ ተሰበረ፤ ስባሪው በዓይኔ አጠገብ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ መነጽርና ጓንት አልነካቸውም። ሁለቱ ሲጣበቁ ፊት ለፊት ጎትተህ ለማላቀቅ አትታገል፤ በጎን አንሸራት። ትላልቅ ከሆኑ የእንጨት ሽብልቅ አስገባ። ስታስቀምጣቸው በመሃላቸው ጣውላ ይኑር። መቦርቦርም መሞረድም የለም፤ ብናኙ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ አጠገቡ አታድርሰው።

አዲሱን ከገጠምክ በኋላ ማታ ማታ ሞተሩን አጥፍተህ ፊቱን በጨርቅ ጥረገው። የተጠራቀመው ብረት ከበዛ እህሉ ሊጎትተው ስለሚችል፣ ብዙ እህል ባለበት ቀን እኩለ ቀንም ላይ አቁመህ ጥረግ። የያዘውን በጣሳ አስቀምጥ፤ ሚስማሩ ከየትኛው ጆንያ እንደመጣ ካወቅህ ለባለቤቱ ማሳየት ትችላለህ።