ሐረጎን ስትወርጂ ለሚይዝሽ ፍርሃት

እህቴ፣ «ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ልቤ ይርዳል፤ እምነት ስለሌለኝ ነው?» ብለሻል። አይደለም። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ የማይፈራ ማን አለ? እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው።

ማቴዎስ 14ን አንብቢው። ጴጥሮስ በውሃው ላይ እየሄደ ነፋሱን አይቶ ፈራ፤ መስጠምም ጀመረ። ረጅም ጸሎት አላደረሰም። «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብቻ ነው ያለው። ልብ በይ፣ ጌታ መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ያዘው። «ስለ ምን ተጠራጠርህ?» የሚለው ተግሣጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ከመናኸሪያ ስንወጣ አማትባለሁ። ኩርባው ላይ ደግሞ በልቤ «አቤቱ ማረኝ» እላለሁ። መንቀጥቀጤ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ግን ብቻዬን ያለሁ አይመስለኝም።

ሾፌሩ ካበረረ ደግሞ «ቀስ በል ወንድሜ» በይው። እኔማ ጮክ ብዬ ነው የምለው።